ጣና ዳር ላለ የሳር ሜዳ የሮቦት ማጨጃ የድንበር ሽቦ አዘረጋግ፦ ዕቅዴን እዩልኝ

የሎጅ ጥገና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ላለ ሎጅ የሮቦት ሳር ማጨጃ ተገዝቷል። በድንበር ሽቦ (ሜዳውን ዙሪያውን ከብቦ፣ በሚልከው ምልክት ማሽኑን በሚመልስ ሽቦ) የሚሠራው ዓይነት ነው። ሳሩን ቆፍሬ ከመቅበሬ በፊት ዕቅዱን የሚያውቅ ሰው ቢያየው ደስ ይለኛል።

ዋናው ሜዳ በሐይቁ በኩል 38 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከሕንፃው እስከ ውሃው ደግሞ 26 ሜትር። በዋናው በር በኩል 14 በ12 የሆነ ሌላ ትንሽ ሜዳ አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው በወጥ ቤቱና በእንግዳ ክፍሎቹ ግድግዳ መሃል ያለ፣ ስፋቱ 1.80፣ ርዝመቱ 9 ሜትር የሆነ ሳር የለበሰ መተላለፊያ ነው። ዋናው ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ሦስት ማንጎዎችና ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ክብ የአበባ መደብ አሉ። ሳሩ አብዛኛው ሰርዶ ነው። አፈሩ በሕንፃው በኩል ቀይ ነው፤ ወደ ውሃው ሲወርድ ዋልካ ይሆናል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። የቻርጅ ጣቢያውን እንግዶች እንዲያዩት በሐይቁ በኩል ካለው በረንዳ ፊት አስቀምጣለሁ። ሽቦውን ሳሩ ካለቀበት ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ አድርጌ ዙሪያውን አዞራለሁ። ለዋርካው፣ ለሦስቱ ማንጎዎችና ለአበባው ለእያንዳንዳቸው ደሴት (በሽቦ የተከበበ፣ ማሽኑ የማይገባበት ቦታ) እሠራለሁ። ስንት ሜትር ሽቦና ስንት ችካል ያስፈልገኛል? የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?

ውሃ ልክ፦

ትልቁ ስህተት በሐይቁ በኩል ያለው መስመር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ቀጥሎ ይስተካከላል።

አሁን መጋቢት ነው፤ ጣና እየወረደ ነው፣ እስከ ግንቦት መጨረሻና ሰኔም ይወርዳል። ዛሬ «ሳሩ ያለቀበት ጠርዝ» የምትለው ቦታ መስከረምና ጥቅምት ላይ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሐይቁ መውጫ ላይ ያለው የጨራጨራ ግድብ ውሃውን የሚቆጣጠረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1784 እስከ 1787 ሜትር ባለው ከፍታ መካከል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከበጋ ዝቅታው እስከ ክረምት ማብቂያ ጣሪያው ከ1 ሜትር በላይ ይነሣል። ይህን ወደ ሜዳህ መልሰህ አስላው። መሬትህ በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ውሃው 1 ሜትር ሲነሣ 10 ሜትር ሳር ይበላል። በ20 ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ ለጥ ያለ ከሆነ ደግሞ 20 ሜትር ይበላል። ለጥ ያለው ዳርቻ ሲያዩት የዋህ ይመስላል እንጂ ለዚህ ሥራ ከገደሉ የባሰ አሳሳች ነው።

ስለዚህ ከሳሩ ጠርዝ አትነሣ፤ ከከፍተኛው የውሃ ምልክት ተነሣ። ምልክቱ ድንጋይ ላይ የቀረ ነጭ መስመር፣ ግንድ ላይ የደረቀ ጭቃ፣ ተጠራቅሞ የቀረ የደንገልና የእምቦጭ ብጣሽ ነው። በአካባቢው ብዙ ዘመን የኖሩ ጀልባ ቀዛፊዎችም ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ በጣታቸው ያሳዩሃል። ምልክቱን ካገኘህ በኋላ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የሞላ ጥርት ያለ ላስቲክ ቱቦ ይዘህ፣ ከእሱ በከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ሂድና እዚያ ካስማ ምታ። በየ5 ሜትሩ ድገመው። ከዚያ ካስማዎቹን በሲባጎ አገናኛቸው። የሐይቁ በኩል ድንበርህ ያ ሲባጎ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጠመዝማዛ ሊወጣ ይችላል፤ ይውጣ፣ መሬቱን ተከተል።

ሁለተኛ ነገር ተዳፋቱ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች በሜዳው መሃል 35 በመቶና ከዚያም በላይ ተዳፋት ይወጣሉ፤ ሽቦው ባለበት ጠርዝ ላይ ግን የሚፈቀደው 15 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱም ማሽኑ ሽቦውን የሚያውቀው ሲደርስበት ነው፣ ቆሞ እስኪመለስ ትንሽ ያልፈዋል። እርጥብ ሳር ላይ ቁልቁል እያየ ከሆነ ማለፍ ብቻ ሳይሆን ይንሸራተታል። አንድ ሜትር ጣውላ መሬት ላይ አስተኛ፣ በውሃ ልክ አስተካክል፣ በዝቅተኛው ጫፍ በኩል ያለውን ክፍተት ለካ፦ ከ15 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ሽቦው እዚያ አይሁን፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ለጥ ባለው ላይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይመለስ።

ሽቦ ብቻውን ከውሃ ጋር አይታመን። ከሽቦው ውጭ ባለው በኩል ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ካብ ደርድር። ሽቦው ቢሳሳት ድንጋዩ ያስቆመዋል።

የሎጅ ጥገና፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ በቱቦው ለካሁት። የጥቅምት ውሃ ምልክት ግንቡ ላይ በደንብ ይታያል። ከእሱ 50 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ስሄድ መስመሩ በአማካይ 6 ሜትር ወደ ሕንፃው ገባ። ስለዚህ ዋናው ሜዳ አሁን 38 በ20 ሆነ። ዋርካው ግን ከአዲሱ መስመር 5 ሜትር ላይ ነው ያለው፤ ከግንዱ መሃል ሲለካ ሥሮቹ እስከ 4 ሜትር ድረስ ከመሬት በላይ ወጥተዋል።

ሽቦ ዘርጊ፦

ዋርካው ደሴት አይሆንም። ሥሩ 4 ሜትር ከሆነ ሽቦው 4.30 ላይ ይዞራል። ከድንበሩ ጋር የሚቀረው 70 ሳንቲ ሜትር ነው። በደሴትና በድንበር መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ከሌለ ማሽኑ እዚያ ገብቶ ወዲያና ወዲህ ሲገጭ ይውላል፣ ሳሩን በጎማው ጭቃ ያደርገዋል። ይልቅ የድንበሩን ሽቦ ራሱን ከሐይቁ በኩል አስገብተህ ዋርካውን አቅፈህ ውጣ፤ ልክ ውሃ ወደ መሬት ገባ እንዳለ ወሽመጥ። 8.60 ሜትር ቀጥታ መስመር ትተዋለህ፣ በምትኩ 5 ሜትር ገብተህ፣ 13.5 ሜትር ግማሽ ክብ ዞረህ፣ 5 ሜትር ትወጣለህ። ጭማሪው 15 ሜትር ብቻ ነው። ደሴት ብታደርገው 28 ሜትር ይፈልግ ነበር። ከዛፉ ሥር የሚቀረውን በእጅ አጭዱት፤ ዋርካ ሥር ሳር እንደሆነ ብዙም አይበቅልም።

ማንጎዎቹ ሽቦ አይፈልጉም። ግንዱ ጠንካራ ከሆነና ሥሩ ካልወጣ ማሽኑ ነክቶት ይመለሳል። ሽቦ የሚያስፈልገው ማሽኑ ሊወጣበት ለሚችል ነገር ነው፦ ወጣ ያለ ሥር፣ ገደድ ያለ ድንጋይ፣ ዝቅ ያለ የአበባ መደብ።

ከጠርዝ የሚለካው ርቀት አንድ ዓይነት አይደለም፤ «ዙሪያውን 30» የሚለው ዕቅድህ የሚስተካከለው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ ወይም አጥር ካለ 35 ሳንቲ ሜትር። የአበባ መደብ ወይም ትንሽ ጉድባ ካለ 30። ከሳሩ እኩል የተነጠፈ ኮብልስቶን ወይም ታይልስ ካለ 10 ይበቃል፤ ማሽኑ በአንድ ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ጠርዙን አስተካክሎ ያጭዳል። እነዚህ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚሠሩ ቁጥሮች ናቸው፤ ከማሽንህ ጋር የመጣው መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይቅደም።

ማዕዘን ላይ ሽቦውን 90 ዲግሪ አትስበር። ክብ አድርገህ አዙረው፣ ወይም ሁለት 45 አድርገው። ስል ማዕዘን ላይ ማሽኑ ሽቦውን ይዞ ሲሄድ መስመሩን ይስታል።

የአበባው ደሴት እንዲህ ነው የሚሠራው። ከድንበሩ ተነሥተህ ወደ አበባው ትሄዳለህ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀህ ትዞረዋለህ፣ በሄድክበት መስመር ራሱ ወደ ድንበሩ ትመለሳለህ። የመሄጃውና የመመለሻው ሽቦ ተነካክተው፣ በአንድ ችካል ሥር መተኛት አለባቸው። በሁለቱ የሚሄደው ምልክት ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ማሽኑም ምንም እንደሌለ ያልፍባቸዋል። በመሃላቸው ክፍተት ካለ ግን ሜዳው መሃል አጥር ሠራህ ማለት ነው። ሽቦዎቹ ደግሞ አይቆራረጡ። ከተቆራረጡ የደሴቱ ውስጥና ውጭ ይገለበጣል፣ ማሽኑ አበባውን ሜዳ ነው ብሎ ይገባል።

አትክልተኛዋ፦

ወንድሜ ሽቦ ዘርጊ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ አበባው ላይ ግን ሌላ መንገድ አለ። መደቡን ዙሪያውን 15 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ፣ በማይነቃነቅ ድንጋይ ከከበባችሁት ደሴቱ አያስፈልግም። 3 ሜትር ስፋት ላለው ክብ 9.5 ሜትር ያህል ድንጋይ መደርደር ነው። ከድንጋዩ ሥር የምትቀር አንዲት መዳፍ የምታህል ሳር በማጭድ ትሰበሰባለች።

እኔን የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው። ዋልካ በክረምት ይነፋል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሽቦውን በደረቅ ወራት ቆፍራችሁ ወጥራችሁ ከቀበራችሁት፣ ስንጥቁ ሲከፈት ሽቦውን ይዞ ይጎትተዋል። የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ሽቦው መሃል ላይ አይደለም፤ ቅጥያው ያለበት ቦታ ነው፣ ደካማው እሱ ነውና። ስለዚህ ዋልካው ላይ በየ5 ሜትሩ ሽቦውን ትንሽ እባብ አስመስላችሁ አስተኙት። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይበቃል፤ ጥምጥም ግን አታድርጉት። ቅጥያ ደግሞ በተቻለ ዋልካው ላይ አይሁን፣ ቀዩ አፈር ላይ ይሁን።

አሁን በመጋቢት ከላይ በችካል ብቻ አስተኙት። መጀመሪያ ሳሩን 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን አጭዱት፣ ሽቦው አፈር እስኪነካ ድረስ በችካል ይጫን። በየ75 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ችካል፤ ጎድጓዳ ቦታና ኩርባ ላይ ይቀራረብ። ሰርዶ መሬት ለመሬት ስለሚዘረጋ ውሃ ካገኘ በጥቂት ሳምንታት ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ሽቦውን ብትፈልጉትም አታገኙትም። ከላይ መተኛቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ ማሽኑ አንድ ወር ሲሠራ የት እንደሚቸገር ታያላችሁ፣ መስመሩን ማንቀሳቀስም ቀላል ነው። መቅበር የምትፈልጉ ከሆነ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ አፈሩ ርጥብ ሳለ፣ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ። ከ20 በላይ ከሆነ ማሽኑ ምልክቱን በደንብ አያገኝም።

በሐይቁ በኩል ያለውን ክፍል ግን መቅበሩ ይሻላል የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ነፋስ እምቦጭ ወደ ዳር ሲያወጣ ሰዎች በመንሽ ይጎትቱታል፤ መንሹ ችካሉን ነቅሎ ሽቦውን አብሮ ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ቦታችሁ ወደ ዓባይ መውጫ የሚጠጋ ከሆነ ጉማሬ በሌሊት ሳር ሊግጥ ይወጣል። ርጥብ ዋልካ ላይ የጉማሬ እግር የሚያወጣው ጉድጓድ ቀላል አይደለም፤ ላይ ላዩን የተኛ ሽቦ አብሮ ይሰምጣል።

የሎጅ ጥገና፦

እህቴ አመሰግናለሁ፣ አበባውን ለመክበብ ድንጋይ አለን፤ ላስብበት። የቻርጅ ጣቢያውስ? በረንዳው ፊት ሶኬት አለ።

ሽቦ ዘርጊ፦

በረንዳው ፊት አይሁን። በሐይቁ በኩል ስለሆነ ዝቅ ያለው ቦታ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ከግቢው የሚወርደው ውሃ ሁሉ እዚያ ይሄዳል። ደግሞ ሰው ወንበር ያወጣበታል። ጣቢያው ከፊቱ 3 ሜትር ያህል ምንም ያልተቀመጠበት ለጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ከግራና ከቀኙ ደግሞ የድንበሩ ሽቦ ቢያንስ 1.5 ሜትር ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ጣቢያው ራሱ በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ከዘመመ ማሽኑ ሲገባ የቻርጅ ጫፎቹ አይገጥሙም።

የእኔ ምርጫ የሕንፃው ግድግዳ ነው፣ ቀዩ አፈር ላይ፣ ከመተላለፊያው አፍ 8 ሜትር ያህል ርቆ። ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበትን በኩል ፈልግ፤ ባትሪ ሙቀት አይወድም። የጣራው ቆርቆሮ ውሃ የሚያፈስበት መስመር ሥር ግን በፍጹም አታስቀምጠው። ወይ ከፍሳሹ ወደ ውስጥ ግባ፣ ወይ አልፈህ ውጣ። የኃይል ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ከሳጥኑ ወደ ጣቢያው የሚሄደውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ገመድ ቆርጠህ አትቀጥል፤ ካጠረህ የፋብሪካውን ረጅም ገመድ ግዛ፣ ወይ ሶኬቱን አቅርብ።

አሁን መተላለፊያው። 1.80 ስፋት፣ ሁለት ግድግዳ፤ ከእያንዳንዱ 35 ብትቀንስ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 1.10 ይቀራል። ያለ መሪ ሽቦ (ከጣቢያው ተነሥቶ ማሽኑ ተከትሎት የሚሄድ ሽቦ) ማሽኑ ይህን ቀዳዳ ፈልጎ የሚያገኘው በአጋጣሚ ነው፤ ትንሹ ሜዳ ሳይታጨድ ይከርማል። ስለዚህ መሪ ሽቦ ዘርጋ፦ ከጣቢያው ፊት 2 ሜትር ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ በዝግታ ወደ መተላለፊያው ይዙር፣ 9 ሜትሩን ይለፍ፣ ትንሹን ሜዳ አቋርጦ ከወዲያኛው ጠርዝ የድንበር ሽቦ ጋር ይገናኝ። 35 ሜትር ያህል ይሆናል። የድንበሩን ሽቦ ስትዘረጋ መሪው በሚገናኝበት ቦታ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀለበት ትርፍ ተው። አለበለዚያ ስትቀጥል ሽቦው ያጥርሃል።

መተላለፊያው ውስጥ መሪውን መሃል ላይ አታድርገው። ብዙ ማሽኖች ወደ ጣቢያው ሲመለሱ መሪውን በቀኛቸው አድርገው፣ እነሱ በግራው ይሄዳሉ። ፊትህን ወደ ጣቢያው አዙረህ ስትቆም በግራህ 70፣ በቀኝህ 40 ሳንቲ ሜትር ይቅር። ከድንበሩ ሽቦ ከ30 በታች ግን አይቅረብ።

220 ቮልት፦

እኔ የምለው ስለ ቅጥያ ነው። ናስትሮ አይሆንም። ጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ የመጀመሪያውን ሳምንት በትክክል ይሠራል። ከዚያ ርጥበት በናስትሮው ሥር እየሳበ ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ምልክቱ ይደክማል። ክረምት ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ማሽኑ «ምልክት የለም» እያለ ይቆማል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሄድ መጣ የሚል ችግር ከሙሉ ብጣሽ ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራል። ትክክለኛው ውስጡ ጄል ያለበት ማገናኛ ነው፦ ሽቦዎቹን ሳትልጥ እስከ ጥጉ ታስገባለህ፣ በፒንሳ እስኪጫን ትጨምቀዋለህ፣ ጄሉ ወጥቶ ሲዘጋው ታያለህ። ማሽኑ ሲገዛ ጥቂት አብረው ይመጣሉ፤ አሥር ያህል መጠባበቂያ አስጨምር። ከሌለ በብየዳ ሊድ በየደህ፣ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ አልብሰው። ሲሊኮን የምትጠቀም ከሆነ ሆምጣጤ የሚሸተውን አትጠቀም፤ የሚለቀው አሲድ መዳብ ይበላል።

ሽቦ በሱቅ የምትገዛ ከሆነ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ ያዝ። የ1.5 መዳብ ለ200 ሜትር 2.4 ኦም ገደማ ነው። ሥራው ያለቀ ዕለት ሁለቱን ጫፎች ከጣቢያው ነቅለህ በመልቲሜትር ለካና ቁጥሩን ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ጻፈው። ከስድስት ወር በኋላ 8 ወይም 15 ኦም ካነበብክ፣ ገና ሳይበጠስ አንድ ቅጥያ እየዛገ መሆኑን አወቅህ።

የተረፈ ሽቦ ጠቅልለህ ከጣቢያው ጀርባ አታስቀምጥ። ጥቅል ማለት የራሱን መስክ የሚሠራ ጠመዝማዛ ነው፣ ማሽኑን ያሳስተዋል። ቁረጠው። የግቢ መብራት ገመድ መሬት ውስጥ ካለ ከድንበሩ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አይሂድ፤ የግድ መገናኘት ካለባቸው በመስቀል ይተላለፉ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፌሮ ስላለ መተላለፊያው ውስጥ ማሽኑ ቢንገዳገድ፣ ሽቦውን ከግድግዳው 5 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ጨምረህ አርቀው።

መብረቅ፦ ይህን ማንም እንዳይዘነጋ። 200 ሜትር መዳብ መሬት ላይ ዘርግተህ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አገናኝተሃል። ባሕር ዳር ከግንቦት ጀምሮ ነጎድጓዱን ታውቃለህ። ደመናው ሲጠቁር ሶኬቱን ንቀል፣ የድንበሩንና የመሪውን ሽቦዎችም ከጣቢያው ንቀል። ለጥበቃው አሳየውና በሌሊትም ይንቀል። መልሶ ሲሰካ እንዳይቀያየር በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ምልክት አድርግ፤ የግራና የቀኝ ተቀያይሮ ከተሰካ ማሽኑ ሜዳው መሃል ቆሞ «ከክልል ውጭ ነኝ» ይላል።

መብራት ሲጠፋ ምልክቱም ይጠፋል፣ ማሽኑ ባለበት ይቆማል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ደኅንነቱ ነው። ሲመለስ አብዛኞቹ ራሳቸው ይቀጥላሉ። አንድ ስታቢላይዘር ግን ከመሃል አስገባ።

ከጎርጎራ፦

ለምን ሽቦ የሌለው፣ በሳተላይት የሚሄደውን አልገዛችሁም? ይህን ሁሉ ቁፋሮ ያስቀር ነበር።

ሽቦ ዘርጊ፦

ሰማዩ ለተከፈተ ሜዳ ጥሩ ነው። ዋርካና ማንጎ ሥር ግን ቅጠሉ ምልክቱን ይጋርደዋል፤ በሁለት ግድግዳ መሃል ባለ 1.80 መተላለፊያም እንዲሁ። እንዲህ ላለው ግቢ ሽቦ የበለጠ እርግጠኛ ነው።

የሎጅ ጥገና፦

አዲሱን ዕቅድ በወረቀት ሠራሁት። ዋናው ሜዳ ዙሪያ 116፣ መተላለፊያው በሁለት በኩል 18፣ ትንሹ ሜዳ 52፣ ከሁለቱ አፎች 3.6 ሲቀነስ፣ ከግድግዳ የሚገባውንም ስቀንስ 180 ገደማ። ለዋርካው 15። ለአበባው ደሴት 21፦ ዙሪያው 11 ሜትር፣ ከሕንፃው በኩል 5 ሜትር ሄዶ መመለስ። ድምር 216። መሪው 35። የአበባው ጥንድ ሽቦ የሚነሣው በጣቢያውና በመተላለፊያው መሃል ካለው ግድግዳ ነው፣ አጭሩ መንገድ እሱ ስለሆነ። ችካል 335፣ ለኩርባ ጨምሬ 400። ልክ ነው?

ሽቦ ዘርጊ፦

ስሌቱ ልክ ነው፣ የአበባው መነሻ ግን ልክ አይደለም። መሪ ሽቦህ ከጣቢያው ወደ መተላለፊያው የሚሄደው በዚያው በኩል ነው፤ የአበባውን ጥንድ ሽቦ ይቆርጠዋል። መሪ ሽቦ የድንበር ሽቦን አያቋርጥም፤ ወደ ደሴት የሚሄደውም የድንበሩ አካል ነው። ወይ ጥንዱን ከሌላኛው ጎን አምጣ፤ 9 ሜትር ስለሚርቅ 8 ሜትር ሽቦ ይጨምርብሃል። ወይ እህታችን እንዳለችው መደቡን በድንጋይ ክበብ። እኔ ብሆን ድንጋዩን እመርጣለሁ፦ ሽቦው በሜዳው መሃል ባለፈ ቁጥር አንድ ቀን ዶማ የሚያገኘው ቦታ ይጨምራል።

በድንጋይ ካደረግኸው የድንበሩ ሽቦ 195፣ መሪው 35። 10 በመቶ ስትጨምር 253 ነው፤ ባለ 250 ጥቅል ጠርዝ ላይ ስለሚያደርስህ 300 ግዛ። የሚተርፈው ለጥገና ይሆናል።

የማሽኑን ሰዓት ስታስተካክል ተጠንቀቅ። የማሽኑ 09:00 የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ 16:00 ደግሞ ከቀኑ 10። ሰዓቱ ተምታቶ ሌሊት እንዲሠራ እንዳይታዘዝ፤ ሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ አለ፣ ጤዛውም ሳሩን ያጣብቀዋል። ልጆች ሜዳው ላይ የሚጫወቱበትን ሰዓትም ከፕሮግራሙ አውጣ፤ ከሥር የሚሽከረከረው ምላጭ ነው። የሩቅ መነሻ የሚባል ቅንብር አለው፦ በመሪው ሽቦ ላይ ከጣቢያው 26 ሜትር ብለህ ሙላ፣ ትንሹ ሜዳ መሃል ገብቶ እንዲጀምር። ድርሻውን 20 በመቶ አድርግ። ትንሹ ሜዳ 168 ካሬ ነው፣ ዋናው የዋርካውና የአበባው ቦታ ሲወጣ 680 ገደማ፤ ከአምስት ጉዞ አንዱ ይበቃዋል።

የሎጅ ጥገና፦

አበባውን በድንጋይ አደርገዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ አንድ ቀን ሽቦው ቢበጠስ ሳሩ ከሸፈነው በኋላ እንዴት አገኘዋለሁ? ሙሉውን መንቀል ነው?

220 ቮልት፦

አይደለም። መሪ ሽቦ ስላለህ ዕድለኛ ነህ። ሦስቱንም ጫፎች ከጣቢያው ንቀል፦ የግራ፣ የቀኝ፣ የመሪ። በመልቲሜትር ግራንና መሪን ለካ፣ ከዚያ ቀኝንና መሪን። አንዱ ካነበበ ሌላው ካላነበበ፣ ብጣሹ ባላነበበው በኩል ከጣቢያው እስከ መሪው መገናኛ ድረስ ነው። ግማሹን ሜዳ በሁለት ደቂቃ ከፍለጋ አወጣህ። ሁለቱም ካላነበቡ መጀመሪያ መሪውንና የመገናኛውን ቅጥያ ተመልከት።

ከዚያ የተረፈውን ሽቦ አምጣ። የጠረጠርከውን ክፍል መሃሉ ላይ ብቻ ክፈተውና ትርፉን ሽቦ ከዚያ እስከ ጣቢያው ሳሩ ላይ ዘርግተህ በጊዜያዊነት አገናኝ። የጣቢያው መብራት ወደ ጤነኛ ምልክቱ ከተመለሰ ብጣሹ በትርፍ ሽቦው ባለፍከው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ካልተመለሰ በሌላው። እንዲህ እየከፈልክ ስትሄድ 80 ሜትር በአራት ጊዜ ወደ 5 ሜትር ይወርዳል። 5 ሜትር መንቀል ቀላል ነው።

አትክልተኛዋ፦

ከመንቀላችሁ በፊት ግን በዓይን ተመልከቱ፦ በቅርቡ የተቆፈረበት፣ ችግኝ የተተከለበት፣ ፍልፈል አፈር ያወጣበት፣ ዋልካው የተሰነጠቀበት። ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ካርታውንም አሁን፣ ሽቦው ሳይሸፈን ሥሩት። እያንዳንዱን ቅጥያ ከሁለት ከማይንቀሳቀሱ ነጥቦች በሜትሮ ለኩ፤ ለምሳሌ ከሕንፃው ጥግና ከበረንዳው ምሰሶ። ሁለቱን ርቀቶች ከጻፋችሁ ቅጥያው ያለበትን ቦታ ከዓመት በኋላም እጃችሁን ትጥሉበታላችሁ። አንዱን ቅጂ የኃይል ሳጥኑ አጠገብ ለጥፉ፣ አንዱን ለአትክልተኛው ስጡት። ዶማ የሚይዘው እሱ ነውና።